የልጆቻችን ላንቃ ሲጠብ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ከጤና ጉዳይ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



እድር ሲባል ሁላችንም ዘንድ ቶሎ የሚታወሰው የጡሩምባው ድምፅ፣ ድንኳኑና የሐዘንተኛው ቤት ነው። ታዲያ ኮሚቴያችን ዛሬ ስለ ልጆች ላንቃና ጥርስ ለመናገር ሲነሣ «ይህ ደግሞ ከእድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አባል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለፉት ስብሰባዎች ከቡና በኋላ ወላጆች ደጋግመው ያነሡብን አንድ ነገር አለ። ይኸውም «የልጄ ጥርስ አልገጥም አለ፤ አሁን ላሳየው ወይስ ሲያድግ ይስተካከላል?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ተወው፣ ሲያድግ ይስተካከላል» ነው። ለአንዳንዱ ነገር ይህ መልስ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለጠባብ ላንቃ ግን አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ፣ ምን መፍትሔ እንዳለና ከዲላ ተነሥተን እንዴት ልናገኘው እንደምንችል በአጭሩ እናስረዳለን።

ላንቃ ምንድን ነው?

ላንቃ የአፍ ጣራ ነው። ያው አጥንት ከላይ በኩል ሲታይ ደግሞ የአፍንጫ ወለል ነው። ስለዚህ ላንቃው ጠባብና ወደ ላይ የተቆለመመ ልጅ ብዙውን ጊዜ የአፍንጫው መተላለፊያም ጠበብ ያለ ነው።

የላይኛው መንጋጭላ አንድ ወጥ አጥንት ይመስለናል እንጂ በእርግጥ አንድ አይደለም። የግራና የቀኝ ሁለት አጥንቶች መሐል ለመሐል ተጋጥመው የሠሩት ነው። መጋጠሚያው ከሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ተነሥቶ በላንቃው መሐል ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ለመረዳት እናቶች የሕፃን እርግብግቢት ያስቡ። ሕፃን ሲወለድ አናቱ ላይ ለስላሳ ቦታ አለ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አጥንቱ ይገጥማል። የላንቃው መጋጠሚያም እንደዚሁ ሳይጣበቅ ይቆያል። ልዩነቱ ይኸኛው እስከ ጉርምስና ዘመን ድረስ ለሥራ የሚመች ሆኖ መቆየቱ ነው። ከዚያ በኋላ አጥንቱ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይጠነክራል። የሚጠነክርበት ዕድሜ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሴቶች ልጆች ቀደም ብለው ስለሚጎረምሱ በእነርሱ ቀደም ይላል።

የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው። መጋጠሚያው ሳይጠነክር የተገኘ ልጅ ላንቃው ያለ ቀዶ ጥገና ይሰፋለታል። ጠንክሮ ካበቃ በኋላ የመጣ ወጣት ግን ያንኑ ውጤት ለማግኘት ብዙ ጊዜ የቀዶ ሐኪም ያስፈልገዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ላንቃን ምን ያጠብበዋል?

አንዱ ምክንያት የዘር ነው። አባት ወይም እናት ጠባብ መንጋጭላ ካላቸው ልጁም ሊወርስ ይችላል፤ በዚህ የሚወቀስ ሰው የለም።

ሁለተኛው የልማድ ነው። ላንቃ ስፋቱን ጠብቆ የሚያድገው ምላስ ከውስጥ፣ ጉንጭ ከውጭ ሚዛን ጠብቀው ሲይዙት ነው። አውራ ጣቱን የሚጠባ ልጅ ምላሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉንጮቹም ከሁለቱ ወገን ይጫናሉ። በሁለትና በሦስት ዓመት ዕድሜ ጣት መጥባት የሚያስፈራ ነገር አይደለም። አራት ዓመት አልፎት ሌት ተቀን የሚጠባ ከሆነ ግን መንጋጭላውን መለወጥ ይጀምራል። እናቶቻችን ጡት ሲያስጥሉ እንደሚያደርጉት ጣቱን እሬት መቀባት ለአንዳንዱ ልጅ ይሠራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ልጁን ሳያሳፍሩና ሳይመቱ ማስተው ነው። የተመታ ልጅ ተደብቆ ይጠባልና።

ሦስተኛው በአፍ መተንፈስ ነው። ቶንሲሉ ያበጠ ወይም ከአፍንጫው በስተኋላ ያለው ሥጋ ያደገበት ልጅ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ያንኮራፋል። አፍ ሁልጊዜ ሲከፈት ምላስ ከላንቃ ይርቃል፤ ውጤቱ ከላይ እንደተገለጸው ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ በቅድሚያ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በተለይ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ለጥቂት ጊዜ ቁርጥ እያለ የሚመለስ ከሆነ ጉዳዩ የጥርስ ብቻ አይደለምና አይዘግይ።

አራተኛው ከላንቃ መሰንጠቅ ጋር የተያያዘ ነው። ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ የሚወለዱ ልጆች በአገራችን አሉ። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ከሚታወቅባቸው ሥራዎች አንዱ እንዲህ ያለው ቀዶ ጥገና ነው። ቀዶ ጥገናው ልጁን ከብዙ ችግር ያወጣዋል። ሆኖም የተሰፋው ቦታ ጠባሳ ስለሚሆንና ጠባሳ እንደ ጤነኛ ሥጋ ስለማያድግ፣ ልጁ ሲያድግ የላይኛው መንጋጭላው ይጠባል። በመሆኑም በሕፃንነቱ የተሰፋ ልጅ ያላቸው ወላጆች «ተሰፋ፣ አለቀ» ሳይሉ ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሞላው ስለ ላንቃው ስፋት ደግመው ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ሳንናገር የማናልፈው ጉዳይ አለ። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» እየተባለ ድዱ ተቦርቡሮ ገና ያልወጣ ክራንቻ ጥርሱ ይወጣል። እንጥሉም ይቆረጣል። በድዱ ላይ የሚታየው እብጠት በሽታ ሳይሆን ለመውጣት የሚጠባበቅ ጥርስ ነው። ተቅማጡን ያመጣው ጥርሱ አይደለም። በንጽሕና ባልተያዘ መሣሪያ የሚደረገው ይህ ሥራ ደም ያፈስሳል፣ ያመረቅዛል፣ ለመንጋጋ ቆልፍና ለሌላም በሽታ ያጋልጣል። ከሥሩ ያለውንም ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። አንዳንዱ ልጅ ክራንቻው ጨርሶ አይበቅልም፤ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፣ የፊት ጥርሶችም መሐል መስመራቸውን ይስታሉ። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግም እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማስወለቅን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል ይቆጥራቸዋል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ጤና ጣቢያ ነው።

በቤት ውስጥ እንዴት ይታወቃል?

ለዚህ ምርመራ ገንዘብ አያስፈልግም። ልጁን ብርሃን ባለበት አስቀምጡት፤ የስልክ ባትሪም ይበቃል።

አንደኛ፤ የኋላ ጥርሶቹን ግጥም አድርጎ ይንከስ። ጉንጩን በንጹሕ ጣት ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። የመሶብ ክዳን ከመሶቡ አፍ ሰፋ ብሎ እንደሚገጥም ሁሉ የላይኞቹ ጥርሶች ከታችኞቹ ጥቂት ወደ ውጭ ወጣ ብለው መግጠም አለባቸው። የላይኞቹ ወደ ውስጥ ገብተው የታችኞቹ ከውጭ ከሆኑ ክዳኑ ጠቧል ማለት ነው። አንዱን ወገን ብቻ አይታችሁ አትተዉ፤ ሁለቱንም ተመልከቱ።

ሁለተኛ፤ አፉን ከፍቶ ቀስ ብሎ ይግጠም። መጨረሻ ላይ አገጩ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሸርተት የሚል ከሆነ ልብ በሉ። ላንቃው ስለጠበበበት የሚመቸውን ቦታ እየፈለገ ነው። ይህ ለዓመታት ከቀጠለ የታችኛው መንጋጭላ በአንድ ወገን ተንጋዶ ሊያድግ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ሌሊት አፉን ከፍቶ መተኛቱንና ማንኮራፋቱን አስተውሉ።

መቼ ይታይ ለሚለው፣ ልጅ ስድስት ዓመት ሲሆነው የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋ ጥርሶች ከወተቶቹ በስተኋላ ይበቅላሉ። በሰባትና በስምንት ዓመቱ የፊቶቹ ይለወጣሉ። ብዙዎቻችን የተነቀለ ጥርሳችንን ጣራ ላይ የወረወርንበት ያ ዕድሜ ማለት ነው። ያን ጊዜ አንድ ጊዜ አፉን መመልከት ይበቃል።

ምን ዓይነት ሕክምና አለ?

ይህን ሥራ የሚሠራው ኦርቶዶንቲስት የሚባለው የጥርስ ሐኪም ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ኦርቶስ» ቀጥ ያለ ማለት ሲሆን «ኦዶንት» ደግሞ ጥርስ ነው። ሥራውም አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ1860 (እ.ኤ.አ.) አንጄል የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ የጥርስ ሐኪም የ14 ዓመት ልጃገረድን ላንቃ በብሎን አሰፋሁ ብሎ ጻፈ። የዘመኑ ባለሙያዎች ግን ለማመን ተቸገሩ። ሐሳቡ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ሀስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1961 (እ.ኤ.አ.) ሥራውን ካሳተመ በኋላ ነው። ዛሬ ያሉት መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ምክንያቱን ማስወገድ። ጣት መጥባቱ ሲቆም፣ አፍንጫው ሲከፈት ትንሽ ልጅ ላይ አንዳንዴ ነገሩ በራሱ ይሻሻላል። አንዳንዴም የወተት ክራንቻው ጫፍ ብቻ እየተጋጨ አገጩን የሚያንሸራትተው ሲሆን ሐኪሙ ጫፉን በጥቂቱ ሞርዶ ያስተካክለዋል። ከሁሉ ቀላሉ ሕክምና ይህ ነው።

2ኛ. የሚወልቅ ሳህን። በላንቃው ልክ የተሠራ፣ መሐሉ ላይ ብሎን ያለው የፕላስቲክ ሳህን ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በትንሽ ቁልፍ ይዞራል። ሲበላ ይወልቃል፣ ይታጠባል። ጉድለቱ ልጁ ካላደረገው የማይሠራ መሆኑ ነው። ኪስ ውስጥ የተቀመጠ ሳህን ላንቃ አያሰፋም።

3ኛ. ባለ አራት ጥምዝ ሽቦ። በላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ላይ ተለጥፎ በላንቃው በኩል የሚያልፍ ሽቦ ነው። በዝግታ ወደ ውጭ ይገፋል። ልጁ ሊያወልቀው አይችልም፤ ወላጅም የሚያዞረው ነገር የለም። ሐኪሙ በየጥቂት ሳምንቱ ያስተካክለዋል። ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ይህ ሽቦ ከሚወልቀው ሳህን የተሻለ ውጤት የሚሰጥ ይመስላል።

4ኛ. ፈጣኑ ማስፊያ። ይህ መጋጠሚያውን ራሱን የሚከፍት ነው። መሐሉ ላይ ብሎን ያለው ብረት በኋላ ጥርሶች ላይ ይለጠፋል። የሞያሌ መንገድ ሾፌሮች የመኪና ክሪክ ሲያዞሩ ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። ጥቂት በጥቂት እየዞረ ከባዱን ነገር ያንቀሳቅሳል። አንድ ሩብ ዙር በአብዛኛው 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። በቀን አንድ ጊዜ ቢዞር በ28 ቀን 7 ሚሊ ሜትር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቢዞር በ14 ቀን ያንኑ ያህል ይሆናል ማለት ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው እንጂ ቶሎ ይለቅ ብሎ ቁልፍ ደራርቦ ማዞር ክልክል ነው።

ይህን ሲያደርጉ የፊት ጥርሶች መካከል ክፍተት ይታያል። ወላጅ እንዳይደነግጥ! መጋጠሚያው ለመከፈቱ ምልክቱ እሱ ነው። በሚቀጥሉት ወራት ጥርሶቹ ተመልሰው ይቀራረባሉ። ማዞሩ ካበቃ በኋላ ብረቱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያህል እንዲሁ ይቀመጣል። በተከፈተው ቦታ አዲስ አጥንት የሚሞላው በዚህ ጊዜ ነውና «አለቀ፣ ይውለቅ» ማለት ድካሙን ከንቱ ያደርጋል።

5ኛ. ለዘገየ ሰው። ጉርምስናውን ለጨረሰ ወጣት ማስፊያው በትንንሽ ብሎኖች ላንቃው አጥንት ላይ ይታሰራል፤ ወይም ቀዶ ሐኪም አጥንቱን ለቆ ከዚያ በኋላ ይሰፋል። ይቻላል፤ ነገር ግን ወጪውም ሕመሙም ከልጁ ጋር አይወዳደርም።

ለቤት ጥንቃቄ ጥቂት እንጨምር። ቁልፉ ልጁ ጉሮሮ እንዳይገባ ክር ይታሰርበት፤ ክሩንም የሚያዞረው ሰው በእጁ ይያዝ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ምራቁ ይበዛል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል፣ አፍንጫው አካባቢ ጫን ይለዋል፤ ቶሎ ይለምደዋል። የቡላ ገንፎና ለስላሳ ምግብ ይስማማዋል። ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና ማስቲካ ግን የተለጠፈውን ይነቅላሉ። ብረቱ ሥር ምግብ ስለሚቀር ከወትሮው ይልቅ ጥርሱን አጥብቆ ይቦርሽ።

የማይሆነውንም እንናገር። የልጁ ጥርስ ተደራረበ ማለት ብቻ ላንቃው ይስፋ ማለት አይደለም። የኋላ ጥርሶቹ በትክክል ከገጠሙ፣ መደራረቡ ሌላ መፍትሔ ሊኖረው ወይም እንዲሁ ሊተው ይችላል። ላንቃ ማስፋት ማንኮራፋትን ሁሉ ያድናል፣ ልጁን በትምህርት ጎበዝ ያደርገዋል የሚል ወሬ ከሰማችሁ ገንዘባችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። ለመልክ ብቻ ተብሎ በወለድ መበደርም አያስፈልግም።

ከዲላ ተነሥተን እንዴት እንድረስ?

የመጀመሪያው እርምጃ እዚሁ በአቅራቢያ ወዳለ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ማሳየት ነው። ሐኪሙ የተቦረቦረውን ጥርስ ያክማል፣ አስፈላጊ ሲሆን ደግሞ ሪፈር ይጽፋል። የኦርቶዶንቲስት አገልግሎት በአብዛኛው ያለው በአዲስ አበባ ነው፤ ይኸውም ከእኛ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ከመጓዝ በፊት በስልክ ሦስት ነገር ይጠየቅ። ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? ስንት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል? ብረቱ ቢነቀል የት ይታያል? የጤና መድን መታወቂያ ያለው አባልም ይህን ሕክምና ይሸፍን እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። መንገድ ከተጀመረ በኋላ የሚሰማ መልስ ያስከፋል።

እኛ ጌዴኦዎችና በጌዴኦ የምንኖር ደግሞ አንድ የራሳችን ችግር አለን። ገንዘብ እጃችን የሚገባው ቡናው ሲለቀምና ሲሸጥ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት ነው። ልጁ ከትምህርት የሚያርፈው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው። በቡናው ወቅት ያልተቀመጠ ብር ክረምት ላይ አይገኝም። ስለሆነም በዚህ ዓመት የልጁን አፍ አይቶ ችግር ያገኘ ወላጅ ከቡናው ሽያጭ ላይ ለይቶ ያስቀምጥ፤ ማስፊያው የሚዞርባቸውን ሳምንታት ደግሞ በክረምት ያድርጋቸው። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው እዚያው ሊያሳርፈው ይችላል። ዘመድ የሌለውና መመላለስ የማይችል፣ ብዙ ክትትል የማይጠይቀው የትኛው እንደሆነ ለሐኪሙ ሁኔታውን ገልጾ ይጠይቅ። ሐኪም ርቀታችሁን ካላወቀ ለከተማ ሰው የሚሆነውን ያዝዛል።

ለእድሩ የምናቀርበው ሐሳብ

ከቀብር ማስፈጸሚያው ሣጥን ለዚህ ገንዘብ ይውጣ አላልንም፤ ደንባችንም አይፈቅድም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በየወሩ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን እያንዳንዱ አባል ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ያለ ልጁን በቤቱ አይቶ ጥያቄ ካለው ለኮሚቴው ይንገር። እኛ ሐኪም አይደለንም። የት እንደሚኬድና ምን እንደሚጠየቅ ግን እናሳያለን።

ሁለተኛ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ልጆች ከአንድ በላይ ከሆኑ አብረው ይሂዱ። አንድ አዋቂ ሦስት ልጆች ይዞ ቢሄድ የሁለት ሰው መሳፈሪያና አበል ይተርፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን የእድርን ነገር ጠንቅቀው ቢያውቁ ነው።

ከእኛ መካከል ይህ ዕድሜ ያለፈው ልጅ ያለው ወላጅ አይጸጸት። አስቀድሞ የነገረው አልነበረም፤ ለልጁም ቢሆን መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋም። ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ያለው ግን ዛሬ ማታ ወደ ቤት ሲመለስ አንድ ጊዜ «አፍህን ክፈት፣ እስቲ ንከስ» ይበለው። የሚፈጅበት አምስት ደቂቃ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ አባላት ከስብሰባው በኋላ በኮሚቴው ጠረጴዛ ዘንድ ታገኙናላችሁ።